«የእሳቷ ወፍ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዳመጥ፦ ከየት ይጀመራል? ምን ይደመጣል?

ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ መስማት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ጆሯችን ያደገው በዘፈን ነው። ዘፋኙ መቼ ይገባል እያለ ይጠብቃል። ዘፋኙ ሲቀር እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ በቃ፣ አለቀ።

«ኦርኬስትራ ልሞክር ነበር፣ ከምን ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ የሩሲያዊው ኢጎር ስትራቪንስኪ «የእሳቷ ወፍ»። ለባሌት የተጻፈ ሙዚቃ ነው። ከሩሲያ ተረት የተቀዳ ታሪክ አለው። ዜማው ይያዛል። ርዝመቱ ካስፈራችሁ ደግሞ ደራሲው ራሱ ያሳጠረው አለላችሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንዲት ቁልፍ ልስጣችሁ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ሰዎቹ የሚዘፈን ዜማ አላቸው። አስማተኞቹ የላቸውም፤ የእነሱ ድምፅ ያሟልጫል፣ ይሽሎከለካል፣ አፍ ላይ አይቀመጥም። ጆሯችሁ ይህንን ከለየ መድረኩን ሳታዩ ታሪኩን ትከተላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጆሯችሁን ለዚያ ለማብቃት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቅጂውን ምረጡ

ዩቲዩብ ላይ ርዕሱን ስትፈልጉ አንዱ 20 ደቂቃ፣ አንዱ 30፣ አንዱ 45 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ይመጣል። ግራ አይግባችሁ። ሙሉው ባሌት የ1910 ነው። ስትራቪንስኪ ከሱ ላይ እየቆረጠ ሦስት ጊዜ አጠር ያለ ቅጂ አውጥቷል፤ በ1911፣ በ1919 እና በ1945። እንዲህ ያለው ለኮንሰርት የተዘጋጀ ቅጂ ስዊት ይባላል።

ለጀማሪ የ1919ኙ ነው። ሃያ ደቂቃ ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ርዕሱን በእንግሊዝኛ (The Firebird) ጻፉና ከጎኑ 1919 ጨምሩበት፣ ይመጣል። የየትኛው አገር ኦርኬስትራ ይሻላል በሚለው አሁን ጊዜ አታጥፉ። በደንብ የተቀዳ ይሁን እንጂ ማንም ቢጫወተው ይሆናል። ምርጫው የሚጣፍጠው ዜማዎቹን ካወቃችሁ በኋላ ነው።

የ1919ኙ በብዛት የሚጫወቱት ቅጂ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1910ሩ ኦርኬስትራ እጅግ ግዙፍ ነው። የሚነፉት ፍሉቱ፣ ኦቦው፣ ክላርኔቱ፣ ድምፀ ወፍራሙ ባሱን እያንዳንዳቸው አራት አራት፤ የበገና ዘመድ የሆነው ሃርፕ ብቻ ሦስት። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ የሚከፍል ቤት ስንት አለ? በ1919 ስትራቪንስኪ ስዊዘርላንድ ነበር የሚኖረው። የ1917ቱ አብዮት ከአገር ቤት የሚያገኘውን ገቢ ቆርጦበታል። ስለዚህ አራት አራቱን ወደ ሁለት ሁለት፣ ሦስቱን ሃርፕ ወደ አንድ አወረደ። መጠነኛ ኦርኬስትራም ሊጫወተው ቻለ። እውነቱን ለመናገር ለጆሮም ቀለል ይላል።

2. ድምፁን አስተካክሉ

ይህን አትዝለሉት። በስልክ ስፒከር ከሆነ የመጀመሪያውን ደቂቃ ጭራሽ አትሰሙትም። ሙዚቃው የሚጀምረው በቫዮሊን ትልልቅ ዘመዶች፣ በቼሎና በደብል ቤዝ ነው፤ ድምፃቸው የታፈነና በጣም ዝቅ ያለ ነው። ትንሿ ስፒከር ያንን አታወጣም። ሰው «ምንም የለም እኮ» ይልና ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ ወደ መሃል ሲደርስ ጆሮው ላይ ቦምብ ይፈነዳበታል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ኢርፎን አድርጉ። መጀመሪያ «የካሽቼይ ዳንስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱና የድምፁን ልክ እዚያ ላይ ወስኑ። ጮክ ብሎ ግን የማያሳምም ይሁን። ከዚያ በኋላ አትንኩት። መግቢያው ላይ ዝግ ቢልባችሁም ተዉት፣ ዝግ እንዲል ነው የተጻፈው።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሙዚቃው ከእንቅልፍ ወደ ንጋት የሚሻገርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ከገባ በቃ፣ ሁሉም ነገር ገደል ገባ። ኔታችሁም የሚቆራረጥ ከሆነ ቀድማችሁ አውርዱት።

3. ተረቱን እወቁ

ተረት ተረት። (የላም በረት ብላችሁ ተከተሉኝ።)

ካሽቼይ የሚባል የማይሞት ክፉ ንጉሥ ነበረ። በግንብ የታጠረ፣ የወርቅ ፖም የሚያፈራ ዛፍ የበቀለበት የአትክልት ቦታ አለው። ወደዚያ ዘልቆ የገባን ጀግና ሁሉ ድንጋይ ያደርገዋል። አንድ ሌሊት ልዑል ኢቫን ለአደን ወጥቶ እየተንከራተተ እዚያ ይገባል። ፖሙ ዛፍ ላይ የምታበራ ወፍ ያያል፤ የእሳቷ ወፍ። ያዛት። ተንቀጠቀጠች፣ ለመነችው። ሲለቃት አንድ ላባዋን ሰጠችው፤ «በጨነቀህ ጊዜ አውለብልበው» ብላ።

ቀጥሎ 13 ልዕልቶች ወጡ። ካሽቼይ አስሮ ያስቀመጣቸው ናቸው። በወርቅ ፖም እየተጫወቱ ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ ኢቫን አንዷን ወደደ። ሊነጋ ሲል ልጆቹ ተመልሰው ገቡ። ልዑሉ አላስችል ብሎት በሩን ሰብሮ ተከተላቸው። በሩ ሲነካ ደወሎች ጮኹ፣ ጭራቆቹ ተንጋግተው ወጥተው ያዙት። ካሽቼይ ድንጋይ ሊያደርገው ሲል ኢቫን ላባዋን አውለበለበ።

ወፏ መጣች። የሠራችው ሥራ ነው ደስ የሚለኝ፦ አልተዋጋችም። አስጨፈረቻቸው። እስኪወድቁ ድረስ አስጨፈረቻቸውና በእሹሩሩ አስተኛቻቸው። ከዚያ ለኢቫን ምስጢሩን አሳየችው፤ የካሽቼይ ነፍስ ያለችው በአንድ እንቁላል ውስጥ ነው። ኢቫን እንቁላሉን ሰበረ። ጨለማ ሆነ። ሲነጋ ድንጋዮቹ ሰው ሆኑ፣ ሠርግ ሆነ።

በሩሲያ ተረት ውስጥ የወፏና የካሽቼይ ታሪክ የተለያየ ነው፤ የባሌቱ ሰዎች ናቸው ሁለቱን ታሪኮች ያዋሃዷቸው። በጥንቱ ተረት የካሽቼይ ሞት መርፌ ጫፍ ላይ ነው፤ መርፌዋ እንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሉ ዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሏ ሣጥን ውስጥ። ለመድረክ ይህ ሁሉ ስለሚበዛ እንቁላሉን ብቻ ወሰዱ።

4. ከመጨረሻው ጀምሩ

አዎ፣ ከመጨረሻው። ብዙ ሰው ከመግቢያው ይጀምርና ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። እናንተ በቀጥታ የመጨረሻውን ክፍል ክፈቱ፤ ፊናሌ የሚለውን። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው።

መጀመሪያ የምትሰሙት ከቫዮሊኖች ጭጋግ ውስጥ የሚወጣ አንድ ሆርን (የተጠቀለለ የነሐስ መለከት) ነው። ብቻውን፣ ረጋ ብሎ ይዘፍናል። ዜማው «በደጃፍ ያለችው ጥድ ተወዛወዘች» የሚል የሩሲያ ገበሬዎች ዘፈን ነው። ስትራቪንስኪ ያገኘው መምህሩ ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ከሰበሰባቸው የሕዝብ ዘፈኖች ነው። አጭር ናት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስሟትና በአፋችሁ አንጎራጉሯት። ሳትይዟት ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ከያዛችኋት በኋላ እንደገና አጫውቱትና ዜማዋ የት የት እንደምትሄድ ተከታተሉ። ከሆርኑ ወደ ቫዮሊኖቹ ትሄዳለች። ሰዉ ይበዛል፣ ድምፁ ይወፍራል። ዜማዋ ግን ያችው ናት። ስትራቪንስኪ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ልብሷን ብቻ ይቀያይርላታል። ግጥም የሌለው ሙዚቃ እንዴት እንደሚደመጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ዜማውን ያዝ፣ ከዚያ ምን እንደሚደረግበት ተመልከት። ሌላ ምስጢር የለውም።

ከመሃል በኋላ ዜማዋ ድንገት ትፈጥናለች፣ ትሩምፔቱና ትሮምቦኑ ይገባሉ። እዚህ ጋ በጣታችሁ ቁጠሩ። ምቱ ሰባት ነው። እኛ በስድስት የሚዞረው ቺክቺካ ስለለመደብን ትከሻችን ወይ አንድ ምት ይቀድማል ወይ አንድ ይዘገያል። ዘፈኗ ያችው የጥዷ ዘፈን ናት፤ አንድ ምት ስለተረፈች ብቻ እረፍት ያጣች ትመስላለች። ሰባት እየቆጠራችሁ ሦስት አራት ጊዜ ከሄዳችሁ ትለመዳለች።

5. የልዕልቶቹን ዳንስ ጨምሩ

አሁን ወደ ኋላ ተመለሱና የልዕልቶቹን ክፍል ክፈቱ። ሩሲያውያን ይህን የክብ ጭፈራ ሆሮቮድ ይሉታል፤ ስሙም እንደዚያ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለት ፍሉቶች ይከፍቱታል። ቀጥሎ ኦቦ በሃርፕ ታጅቦ ዋናውን ዜማ ያመጣዋል። ይህም የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ይህም ይንጎራጎራል።

እዚህ ብዙ መሥራት አይጠበቅባችሁም። ማወቅ ያለባችሁ ይህና የጥዷ ዜማ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ነው። የሰው ወገን ናቸው። መጨረሻው ላይ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቁ ድምፁን እንዳትጨምሩ።

6. አሁን ወደ አስማቱ ግቡ

መግቢያውን ክፈቱ። ቼሎዎቹና ደብል ቤዞቹ አንድ ስድስት ድምፅ ያላት ነገር ይዘው ይዞራሉ። ለማንጎራጎር ሞክሩ። እምቢ ይላችኋል። ጆሯችሁ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። ድምፆቹ በግማሽ እርከን (በሁለት ድምፆች መሃል ባለችው በጣም ጠባቧ ርቀት) እየተንሸራተቱ፣ ጆሮ «ቤቴ ይሄ ነው» ብሎ የሚያርፍበትን ቦታ ሆን ብለው ይነሱታል። የሰዎቹ ዜማ ቤት አለው፤ ይሄኛው ቤት የለውም። የካሽቼይ ግቢ ውስጥ ናችሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከገመዶቹ እንደ ፉጨት ያለ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ድምፅ ይሰማል። አጭር ስለሆነ እንዳያመልጣችሁ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ገመዱን አይጫነውም፤ በጣቱ ነካ ብቻ እያደረገ ርዝመቱን ሁሉ ያንሸራትታል። ከገመዱ የሚወጣው ደቃቅ የመስታወት ድምፅ ነው። ስትራቪንስኪ በዚህ ዘዴው በጣም ይኮራ ነበር።

ቀጥሎ ወፏ ራሷ ትመጣለች። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ሁሉም መሣሪያ ይርገበገባል፣ ብልጭ ይልና ይጠፋል። «ዜማው የታለ?» ብላችሁ አትልፉ፤ የለም። የምታዳምጡት ክንፍ ነው።

ሰውን በሕዝብ ዜማ፣ አስማትን በተንሸራታች ድምፅ መለየት የስትራቪንስኪ የራሱ ፈጠራ አይደለም። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ በኦፔራዎቹ ውስጥ ያደርገው ነበር፤ ልጁ፣ ማለቴ ተማሪው፣ ከሱ ነው የወሰደው። መምህሩ በ1908 ሞቶ ይህን ሥራ አልሰማም። ስትራቪንስኪ የ«የእሳቷ ወፍ»ን መታሰቢያነት ለመምህሩ ልጅ ለአንድሬይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ሰጥቷል።

7. የካሽቼይ ዳንስና እሹሩሩው

የካሽቼይ ዳንስ በአንድ ምት ይፈነዳል። ኮንሰርት ላይ ያልሰማ ሰው ከወንበሩ ዘለል ሲል ማየት የተለመደ ነው። ከዚያ ባሱን፣ ሆርንና ቱባ ጎርናና ዜማ ይዘው ይገባሉ።

እዚህ የምትሠሩት አንድ ነገር ነው። በእግራችሁ ምቱን ምቱ፣ ሳትቋረጡ። ዜማው እግራችሁ መሬት ሲነካ ሳይሆን እግራችሁ አየር ላይ እያለ ሲወርድ ትሰማላችሁ። ጭራቆቹ የሚጨፍሩት ተገደው ነው፤ እግራቸው ከልባቸው ጋር አልተስማማም። መሃል ላይ አንድ ለስላሳ የሚዘፈን ነገር ብቅ ይላል፣ ግን አያቆዩትም፣ ይውጡታል። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ሁሉም ይወድቃል።

ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣው እሹሩሩ ለኔ የዚህ ሥራ ልብ ነው። ባሱን ብቻውን ያለቅሳል። ያው ባሱን አሁን በቀደም ጭራቅ ሆኖ ሲጨፍር የነበረው ነው! ከሥሩ ሃርፑ አንዲት አጭር ነገር ይደጋግማል፣ ሕፃን ሲወዘወዝ እንደሚደረገው። ሲያልቅ ቫዮሊኖቹ እየተንቀጠቀጡ ወደ ታች ይወርዳሉ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ ያ ሆርን።

8. ሁሉንም በተርታ

አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ ስሙት። ስልኩን ገልብጡት፣ ከተቻለ መብራቱን ቀንሱ። እያንዳንዱን መሣሪያ ለመለየት አትጨናነቁ። በየቦታው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይሄ ይዘፈናል ወይስ አይዘፈንም? ከተዘፈነ ሰው መድረኩ ላይ አለ። ካልተዘፈነ አስማት ነው። እሹሩሩው ላይ ጥያቄው ይከብዳችኋል፤ አስማት ነው ግን ይዘፈናል። ወፏ ለሰው ወገን ስትቆም ድምፅዋ ወደ ሰው ቀረብ ብሏል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የምሰማው።

ሆርኑ ሲገባ እንቁላሉ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ተንሸራታች ድምፅ አትሰሙም።

9. ከወደዳችሁት ሙሉውን ባሌት

ሙሉው ላይ ስዊቱ የዘለላቸውን ታገኛላችሁ፤ የወፏን ልመና፣ የፖሙን ጨዋታ፣ የደወሎቹን ጩኸት። ስትራቪንስኪ ራሱ በ1961 እየመራ ያስቀዳው አለ፣ እሱን ሞክሩት። ቪዲዮውን ግን መጀመሪያ በጆሮ ሳትጨርሱ አትክፈቱ። ዓይን ከገባ ጆሮ ይሰንፋል።

ስታዩት ይህን አስታውሱ። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፓሪስ ኦፔራ፣ ሰኔ 25 ቀን 1910 ነው። ያዘዘው የባሌት ቡድኑ አለቃ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ነበር። ቀድሞ ያሰበው አናቶሊ ልያዶቭን ነበር፤ ሳይሆን ሲቀር ሥራው ለስሙ እንኳ ብዙም የማይታወቅ ወጣት ደረሰው። ስትራቪንስኪ ያኔ 28 ዓመት ከሞላው ገና ሳምንቱ ነው። ዳንሱን የፈጠረው ሚሼል ፎኪን ሲሆን ኢቫንንም ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። ወፏ ታማራ ካርሳቪና ነበረች። አና ፓቭሎቫ ሙዚቃውን አልወድም ብላ ትታው ነው ለካርሳቪና የደረሳት ይባላል። ፓሪስ በአንድ ሌሊት ስትራቪንስኪን አወቀ።

የፎኪንን ዳንስ ዛሬም የሚያሳዩ ቤቶች አሉ፤ የለንደኑ ሮያል ባሌት አንዱ ነው። እዚያ በ1954 ማርጎት ፎንቴይን ወፏን ስትጫወት ያሠለጠነቻት ራሷ ካርሳቪና ነበረች። የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት የጆርጅ ባላንሺንን ሌላ ዳንስ ነው የሚያሳየው፤ የ1949 ሥራ ነው፣ መጋረጃው የማርክ ሻጋል ሥዕል ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ትልልቅ ከተማ ውስጥ፣ ይህን ስዊት በአካል የመስማት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። የኦርኬስትራዎች የዘወትር ሥራ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ውድ ከሆነው ከፊተኛው ረድፍ ይልቅ ከላይ ያለውን ርካሹን ቦታ ውሰዱ። ድምፁ ተቀላቅሎ ይደርሳችኋል፣ ሆርኑ ማን እንደሆነም ከላይ ይታያል። በክፍሎቹ መሃል አታጨብጭቡ፤ መሪው እጁን እስኪያወርድ ጠብቁ። መጨረሻው ላይ ያሉት ታላላቅ የነሐስ ድምፆች ተቆራርጠው፣ በመሃላቸው ዝምታ እየገባ ከተጫወቱባችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የተጫወቱት የ1945ቱን ቅጂ ነው። እኔ ረዘም ብሎ የሚፈሰውን የ1919ኙን እመርጣለሁ። ስትራቪንስኪ በስተርጅና የተቆራረጠውን ነበር የሚመርጠው።

ከዚህ በኋላ «ፔትሩሽካ»ን ስሙ፤ የ1911 ሥራው ነው፣ ስለ ገበያ አሻንጉሊት። በ1913 ፓሪስን ያናወጠውን «የፀደይ ሥርዓት»ን ለጊዜው አቆዩት። ሰባት ምት መቁጠር ያታከተው ሰው እዚያ ሲደርስ በየመስመሩ ምቱ ይቀየርበታል።